ማባያና ሙሌት በፍሪዘር፦ ዘግይቶ የመጣ የጓዳ ሙያ ታሪክ

ምግብን በቅዝቃዜ አርግቶ የማቆየት ታሪክ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚወሳው አሜሪካዊው ክላረንስ በርድዛይ ነው። በርድዛይ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ዛሬ የካናዳ አካል በሆነችው በላብራዶር ሲኖር፣ የኢኑይት ሕዝብ ከበረዶ ሥር የሚያወጣው ዓሣ በብርቱው ብርድና ነፋስ ወዲያው ድንጋይ እንደሚሆን፣ ከወራት በኋላ ሲቀልጥም ጣዕሙ እንደማይለወጥ አስተዋለ። ምስጢሩ ፍጥነት ነው፤ ውሃ በዝግታ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች እየሠራ የምግቡን ሕዋሳት ሲቀድ፣ በፍጥነት ሲረጋ ግን ቅንጣቶቹ ጥቃቅን ስለሚሆኑ ጉዳታቸው ያነሰ ነው። በዚህ ዘዴ የተዘጋጁ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት እ.ኤ.አ. በ1930 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ለገበያ ቀረቡ።

ማባያዎች ግን በፍጥነት ብቻ አልተገሩም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሪዘር በአሜሪካ ቤቶች ሲስፋፋ ችግሩ ጓዳ ድረስ ዘለቀ። ለሰላጣ የሚሆነው ማዮኔዝ ኢመልሽን የሚባል ድብልቅ ነው፤ ይኸውም የማይዋሐዱት ዘይትና ኮምጣጤ በእንቁላል አስኳል አማካይነት ሲመቱ፣ ዘይቱ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ በውሃማው ክፍል ውስጥ የሚበተንበት ነው። የበረዶው ቅንጣት ጠብታዎቹን የከበበውን ስስ ሽፋን ስለሚሰብር፣ ማዮኔዙ ሲቀልጥ ዘይቱ ለብቻው ይንሳፈፋል። በስንዴ ዱቄት የወፈረ ነጭ ስጎም እንዲሁ ውሃ አቅርሮ ይቆራረጣል።

የስጎው መፍትሔ የተገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በካሊፎርኒያ፣ በአልባኒ ከተማ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ነው። በዚያ ሔለን ሃንሰንና ባልደረቦቿ ልዩ ልዩ ዱቄቶችን እያነጻጸሩ ሲመረምሩ፣ ከተጣባቂ ሩዝ የሚገኘው ዱቄት ስጎውን ረግቶ ከቀለጠ በኋላም እንዳማረበት እንደሚያቆየው አረጋገጡ። የስንዴ ስታርች አሚሎስ የተባለ ቀጥ ያለ ሞለኪውል ስላለው፣ ሞለኪውሎቹ ሲቀዘቅዙ እርስ በርስ ተጣብቀው ውሃውን ጨምቀው ያስወጣሉ፤ በተጣባቂው ሩዝ ውስጥ ግን አሚሎስ ከሞላ ጎደል የለም። ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ባካሄደው ረጅም ጥናት፣ የረጋ ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በደንብ እንደሚቆይ፣ ቅዝቃዜው በጥቂት ዲግሪ ሲላላ ግን የሚቆይበት ጊዜ በእጅጉ እንደሚያጥር አሳየ። ስሟ ከበርድዛይ ጋር እምብዛም የማይነሳው ሃንሰን ለጓዳው የዋለችው ውለታ ከእርሱ የሚያንስ አይደለም።

ሙሌት፣ ማለትም በአሜሪካውያን የምስጋና ቀን በዓል ተርኪ በሚባለው ትልቅ ወፍ ሆድ ውስጥ የሚጠቀጠቀው የዳቦ፣ የሽንኩርትና የመረቅ ድብልቅ፣ ጉዳዩ ከጣዕም ይልቅ ጤና ነው። በወፉ ሆድ ውስጥ እንዳለ በቤት ፍሪዘር ቢገባ መካከሉ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ ስለዚህ የተጠበሰው ሙሌት ወጥቶ፣ በስስ ዕቃ ተዘርግቶ፣ ለብቻው እንዲቀመጥ ይመከራል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ ጊዜ ሠርተው በፍሪዘር የሚያኖሩት ቁሌት ግን ማባያዎቹን የሚገጥማቸውን ችግር አያውቀውም። ሽንኩርቱ ውሃው እስኪመጠጥ ሲቁላላ የሚቆይ፣ ውፍረቱንም ከዱቄት ሳይሆን ከራሱ ከሽንኩርቱና ከበርበሬው የሚያገኝ በመሆኑ፣ ውሃ የሚያቅርር ስታርች የለውም፤ ሲሞቅ ቅቤው ተለይቶ ወደ ላይ ቢወጣም፣ ለባለሙያዋ ይህ የመበላሸት ሳይሆን ወጡ በሚገባ የመብሰሉ ምልክት ነው።