መሬትና ነፍስ፦ ስለ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ለተማሪዬ ያልጨረስኩት መልስ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አረብና እስራኤል ጦርነቶች ሳስተምር አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ከእስራኤል የሃይማኖት አባቶች መሬት ይመለስ ያለ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። "እነሱማ አንድ ስንዝር አይነካም ባዮች ናቸው" ብዬ ጠመኔዬን አስቀምጬ ወጣሁ። በኋላ ሳነብ ነው መሳሳቴን ያወቅሁት። ልጁ ዛሬ ይህን ገጽ ይከታተላል፤ እዳዬን ልክፈለው።

ሰውየው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ይባላሉ። በ1920 ባግዳድ ተወልደው በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸው ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዷቸው። በፖራት ዮሴፍ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1947 ካይሮ ሄደው በአይሁድ የሃይማኖት ፍርድ ቤት አገለገሉ። ከ1973 እስከ 1983 የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁዶች ዋና ረቢ ነበሩ። ሴፋርዲ ስንል በጥቅሉ ከአረብ አገሮችና ከሜዲትራንያን ዙሪያ የመጡትን ነው። ፎቶአቸውን ያየ ሰው አይረሳቸውም፦ ጥምጥም፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባና ጥቁር መነጽር።

የእሳቸውን ፖለቲካ ለመረዳት መጀመሪያ አንድ ሕግ እንያዝ። በአይሁድ ሃይማኖት "ፒኩዋህ ኔፌሽ" የሚባል ነገር አለ፤ ነፍስ ማዳን ማለት ነው። ነፍስ አደጋ ላይ ስትወድቅ ሰንበት እንኳ ይሻራል። በማስተስረያ ቀን፣ ያ ትልቅ ጾም በሆነበት ቀን፣ ታማሚ ካልበላ ይሞታል ብሎ ሐኪም ከተናገረ ይበላል። ሐኪሞቹ ቢለያዩና አንዱ "ይብላ"፣ ሌላው "አያስፈልገውም" ቢል እንኳ በነፍስ ጉዳይ ጥርጣሬ ካለ ፍርዱ ለማብላት ያደላል። በቃ፣ የረቢው ብያኔዎች ብዙዎቹ ከዚህች ሕግ ነው የሚነሱት።

በሰኔ 1976 ከቴልአቪቭ የተነሳ የአየር ፈረንሳይ አውሮፕላን ተጠልፎ ኢንቴቤ፣ ኡጋንዳ አረፈ። ጠላፊዎቹ እስረኞች ይፈቱልን አሉ። እስረኛ ቢፈታ ነገ ሌላ ሰው ይገድል ይሆናል፤ ካልተፈታ ግን ታጋቾቹ ያልቃሉ። ረቢ ኦቫድያ የመጀመሪያው አደጋ ምናልባት ነው፣ ሁለተኛው ግን ፊታችን ላይ ያለ ነው፤ ስለዚህ ልውውጡ ይፈቀዳል ብለው ፈረዱ። በመጨረሻ ኮማንዶዎች ሄደው አብዛኞቹን ታጋቾች ስላስለቀቁ ልውውጡ አላስፈለገም። የፍርዱ አካሄድ ግን በመጽሐፋቸው ቀርቷል።

ከዚያ 1979 መጣ። እስራኤልና ግብጽ የሰላም ስምምነት ፈረሙ፤ ሲና ሊመለስ ሆነ። ብዙ ረቢዎች ተቃወሙ። የአሽኬናዚዎቹ ዋና ረቢና የቀድሞው የጦር ሠራዊቱ ዋና ረቢ ሽሎሞ ጎረን መሬት መስጠትን አጥብቀው ከሚቃወሙት አንዱ ነበሩ። ረቢ ኦቫድያ ግን ያንኑ የታማሚውን ሕግ አመጡት። የጦር አዛዦችና የመንግሥት ሰዎች "መሬቱ ካልተመለሰ ጦርነት ይመጣል፣ ከተመለሰ ሰላም ይሆናል" ካሉ፣ ነፍስ ለማዳን ሲባል መሬት መመለስ ይፈቀዳል። ባለሙያዎቹ ቢከራከሩም እንደ ሐኪሞቹ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ነፍስ ያደላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ረቢው "መሬቱ ቅዱስ አይደለም" አላሉም። ለእሳቸው ቅዱስ ነው። ነገር ግን አደጋ አለ የለም የሚለውን የሚያውቀው የሙያው ሰው ነው፣ ረቢው ደግሞ በዚያ እውቀት ላይ ሕጉን ይናገራል ነው ያሉት። አንድ የሃይማኖት አባት "ይህ የእኔ ሙያ አይደለም" ሲል ስንቴ ሰምታችኋል?

ይህ ሰው እኛንም ይነካናል። ዋና ረቢ በሆኑበት በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች፣ ሙሉ አይሁዶች ናቸው ብለው ፈረዱ። መነሻቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ የኖሩት ረቢ ዳዊት ኢብን አቢ ዚምራ የጻፉት ብያኔ ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤልን በመመለስ ሕግ ተቀበለ። የታሪክ ነገር ገራሚ ነው፦ በዚያው በ1973 ጥቅምት፣ በጦርነቱ ምክንያት፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከእስራኤል ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነቱን አቋረጠ። የሃይማኖቱ በር ሲከፈት የመንግሥታቱ በር ተዘጋ።

እንደ ታሪክ መምህር አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ቤተ እስራኤል አመጣጥ የታሪክ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። የረቢው ፍርድ ያን ክርክር አልፈታም፤ የሃይማኖት ብያኔ እንጂ የታሪክ ጥናት አይደለም። የሰዎችን ዕጣ ግን ለወጠ። ያም ሆኖ ከ1984 ጀምሮ በሱዳን በኩል የገቡት ቤተ እስራኤሎች እንደገና ተጠረጠሩ፤ የዋና ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጥንቃቄ ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ውጡ አላቸው። በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሰልፍ ወጡ። ለዘመናት በሃይማኖቱ ምክንያት የተገፋ ሰው፣ ደርሼበታለሁ ባለው ቦታ "እስቲ እናጥራህ" ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። ረቢ ኦቫድያ ያኔ ከሥልጣን ወርደዋል።

አሁን ደግሞ ከባዱን ክፍል ልናገር፤ ካልተናገርኩ ሁለተኛ ግማሽ መልስ እሰጣለሁና። በ1984 የሻስ ፓርቲ በእሳቸው መንፈሳዊ መሪነት ተነሳ። በመጀመሪያው ምርጫ 4 የፓርላማ ወንበር አገኘ፤ በ1999 ወደ 17 ደረሰ። በአሽኬናዚዎች ዘንድ የተናቁት የሞሮኮ፣ የየመንና የኢራቅ አይሁዶች ድምፅ አገኙ። በ1993 የኦስሎ ስምምነት ለፓርላማ ሲቀርብ ሻስ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። አልተቃወመም፣ አልደገፈምም።

ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ሲነሳና ደም ሲፈስ ግን አቋማቸው ጠነከረ። በ2003 የቀድሞው ብያኔ የሚሠራው ለእውነተኛ ሰላም ብቻ ነው አሉ። በ2005 እስራኤል ያለ ስምምነት ከጋዛ ስትወጣም ተቃወሙ። ተገለበጡ? እኔ እንደሚገባኝ ሕጉ ያው ነው፤ "ሰላም ይመጣል" የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው የጠፋባቸው። ተቺዎቻቸው ግን ከፖለቲካው ነፋስ ጋር ሄዱ ይላሉ፤ ሁለቱንም መስማት ተገቢ ነው።

ንግግራቸው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በ2000 በሆሎኮስት ስላለቁት የተናገሩት ነገር አገሩን አናወጠ። በ2001 ስለ አረቦች፣ በ2010 ስለ ፍልስጤማውያንና ስለ መሪያቸው የተናገሩት እርግማን ነበር። ከ2010ሩ በኋላ ለግብጹ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ሰላም እንደሚመኙ ጻፉ። ቃሉ ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል። ስለ ነፍስ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ብዕር፣ መድረክ ላይ ሲወጣ እንዲያ መሆኑን ላስታርቀው ሞክሬ አልቻልኩም። ስለዚህ ሁለቱንም አስቀምጫለሁ።

በጥቅምት 2013፣ በ93 ዓመታቸው አረፉ። ቀብራቸው በእስራኤል ታሪክ ትልቁ ነበር፤ የፖሊስ ግምት 800 ሺህ ያህል ሰው ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያኔ ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸውልህ፦ አዎ፣ ነበሩ። እሱም ደግሞ በቅድመ ሁኔታ፣ በክርክር፣ ከብዙ ጭቅጭቅ ጋር። ደወል ቢደወልም "ነገ እነግርሃለሁ" ማለት ነበረብኝ። ስለ ሌሎች ሕዝቦች ሃይማኖት በሁለት ደቂቃ የምንፈርደው ነገር፣ በእኛ ላይ ሲፈረድ እንዴት እንደሚያንገበግበን እናውቃለንና።

እስራኤል ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ ቤተ እስራኤሎች፣ በቤታችሁ ስለ ረቢ ኦቫድያ ምን ይባላል? የተሳሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ ለነገው ክፍል እጠቀምበታለሁ።

ሰላም ለሁላችን!