ስለ ከፊል ክፍት ኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክና ስለ ገዢው ማስተዋል

ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ዕቃ ሲገዛ ከባለጸጋው ይልቅ አብልጦ ሊመረምር ይገባዋል። ባለጸጋው ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ድኻው ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የብዙ ወራት ቁጠባው በከንቱ ይቀራል። ይህም በሙዚቃ መሣሪያ ገበያ እጅግ ይታያል። ስለዚህ ከፊል ክፍት የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር በመጠነኛ ዋጋ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ታሪኩን ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ምን መመርመር እንደሚገባ ታሪኩ ራሱ ያስተምራልና። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ጊታር በጥንቱ ሥርዓት ድምፁን የሚያገኘው ከሆዱ ነው። በገና በለበሰው ቆዳ እንደሚያስተጋባ፥ ጊታርም ስስ በሆነው የፊት እንጨቱና በውስጡ ባለው አየር ያስተጋባል። ነገር ግን በአሜሪቃ የጃዝ ጓዶች መለከታቸውና ከበሮአቸው እየበረታ በሄደ ጊዜ የጊታሩ ድምፅ ተውጦ የማይሰማ ሆነ። በ1936 ዓ.ም. በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ የነበረው የጊብሰን ኩባንያ ከአውታሩ ሥር ማግኔት የተገጠመበት ኢ.ኤስ. 150 የተባለ ጊታር ለገበያ አወጣ። ማግኔቱ የአውታሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ማጉያውም ያንን መልሶ ታላቅ ድምፅ ያደርገዋል። ቻርሊ ክርስቲያን የተባለው ወጣት ከ1939 ጀምሮ በቤኒ ጉድማን ጓድ ውስጥ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሲጫወት፥ ጊታር እንደ መለከት ብቻውን ዜማ ሊመራ እንደሚችል ለሕዝብ አስረዳ። ዕድሜው ግን አልረዘመም፤ በ1942 በ25 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ይሁን እንጂ ከመድኃኒቱ ሌላ ሕመም ተወለደ። ማጉያው ሲበረታ ድምፁ ተመልሶ የጊታሩን ክፍት ሆድ ያንቀጠቅጣል፤ ሆዱም አውታሩን፥ አውታሩም ማግኔቱን፥ ማግኔቱም ማጉያውን እየቀሰቀሰ ማቋረጫ የሌለው ጩኸት ይነሣል። ሌስ ፖል የተባለው ሙዚቀኛ በ1940 ገደማ በኒውዮርክ በሚገኘው በኤፒፎን ፋብሪካ እሑድ እሑድ እየገባ፥ በአንድ ድፍን የጥድ እንጨት ላይ አውታርና ማግኔት ገጠመ፤ ጩኸቱም ቀረ። ነገር ግን እርሱ ራሱ እንደ ተረከው፥ ሰሚው የእንጨቱን መልክ አልወደደም። የጊታር ሆድ ለሁለት ሰንጥቆ በግራና በቀኝ ቢለጥፍበት ግን ያው መሣሪያ ተወደደ። ሰው በጆሮዬ እሰማለሁ ሲል ብዙ ጊዜ በዓይኑ እንደሚሰማ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ በኋላ በ1950 ፌንደር፥ በ1952 ጊብሰን ሆዱ ፈጽሞ ድፍን የሆነ ጊታር አወጡ። እርሱ እንደ ክፍቱ አይጮኽም፤ ነገር ግን የክፍቱ ልስላሴ የለውም። በ1958 ቴድ ማካርቲ የጊብሰን ፕሬዚዳንት በነበረበት ዘመን ሁለቱን የሚያስታርቅ ኢ.ኤስ. 335 የተባለ ጊታር ተሠራ። ክንፎቹ ክፍት ናቸው፤ በመካከሉ ግን ድፍን የሜፕል እንጨት በቁመቱ ተጋድሞበታል። ከፊል ክፍት መባሉም ስለዚህ ነው። ዋጋው 267 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ፤ ይህም በዚያ ዘመን ለሠራተኛ ሰው ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ወደ ብዙው ሰው እጅ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኩባንያ በ1957 ተወዳዳሪውን ኤፒፎንን ገዝቶ ነበር። በ1970 የኤፒፎን ሥራ ወደ ጃፓን፥ ከዚያም ወደ ኮርያ፥ ኋላም ወደ ቻይና ተዛወረ። የጃፓኑ አይባኔዝም በ2002 አርትኮር የተባሉትን ጊታሮች በቻይና እያሠራ ማውጣት ጀመረ። እንዲህም ሆኖ የታወቀው ቅርጽ ከቀድሞው ዋጋ እጅግ ባነሰ የሚገኝ ሆነ።

ነገር ግን ቅርጹ ሲበዛ ውስጡ አንድ ሆኖ አልቀረም። በ1961 የወጣው ኤፒፎን ካሲኖ በመልኩ 335ን ይመስላል፤ በሆዱ ውስጥ ግን ያ ድፍን እንጨት የለበትም። ይህ ነውር አይደለም፤ ቢትልስም ተጫውተውበታል። ሆኖም በታላቅ ድምፅ ለመጫወት አስቦ የገዛው ሰው ጩኸቱ ሲነሣበት ይጸጸታል።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ በፊቱ ባለው ቀዳዳ ብርሃን አብርቶ የውስጡን እንጨት ይመልከት። ሁለተኛ፥ ነጋዴው «ይህ ከተደራራቢ ስስ እንጨት የተጣበቀ ነው» እያለ ውዱን ሊያስገዛው ቢሞክር አይደንግጥ፤ ታላቁ 335 ራሱ ፊቱና ጀርባው እንዲሁ ተጣብቆ የተሠራ ነውና። ሦስተኛ፥ አንገቱ ቀጥ ያለ መሆኑን፥ መቃኛዎቹም ቅኝቱን ሳያላሉ መያዛቸውን ይፈትን። አራተኛ፥ ማጉያውን ከፍ አድርጎ አውታሩን በእጁ ያፍነውና ያድምጥ፤ የሚጮኽ ከሆነ በሱቁ ሳለ ይወቀው እንጂ ቤቱ ከገባ በኋላ አይወቀው። ከገንዘቡም ጥቂት ያስቀር፤ ርካሽ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የባለሙያ ማስተካከያ ነውና፥ ይህ ቢደረግለት ከዋጋው በላይ ሊያገለግል ይችላል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በጊታር ራስ ላይ የተጻፈውን ስም ግን ነጋዴ ያወጣዋል። ድምፁን የሚሰጡት እንጨቱና የሠሪው እጅ፥ ከሁሉም በላይ የተጫዋቹ ትጋት ናቸው። ይህን የሚያስተውል ሰው ለስም የሚከፍለውን ገንዘብ ለትምህርቱ ያተርፋል።