ከጽሕፈት መኪና እስከ ማይታየው ሮቦት፦ የወልድያ ቢሮዎች የትኛውን መሣሪያ ይምረጡ?

ወር በገባ ቁጥር ወልድያ ውስጥ የሚደጋገም ሥራ አለ። የሒሳብ ሠራተኛው ከየደንበኛው የመጣውን የካሽ ሬጅስተር ዜድ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ይጽፋል። ያንኑ ቁጥር ፒችትሪ ላይ ይደግመዋል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ይጽፈዋል። ሦስተኛው ላይ አንዲት ዜሮ ብትወድቅ የሚቀጣው ነጋዴው ነው፤ የሚወቀሰው ግን እሱ ነው።

መርሳም ሆነ ቆቦ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ኑሮ ከዚህ ብዙ አይለይም። አሁን ታዲያ "ይህን ሁሉ ለሮቦት ስጡት" የሚል ምክር በየስልጠናውና በየቪዲዮው እየተሰማ ነው። ሮቦት ሲባል የብረት እጅና እግር ያለው አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ሰው በማውዝና በኪቦርድ የሚያደርገውን አይቶ ይደግማል፤ ፋይል ይከፍታል፣ ቁጥር ይገለብጣል፣ ሌላው ፕሮግራም ላይ ይለጥፋል፣ ያስቀምጣል። የሙያ ስሙ ሮቦቲክ ፕሮሰስ አውቶሜሽን ነው። ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው፣ ሥራውን ቅርጽ እየጎተተ እንዲያዘው የተሠራው ዓይነት ደግሞ ሎው-ኮድ ይባላል።

"የትኛው ይሻላል?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የተሠራው ግን ለሌላ አገር ቢሮ ነው። የኢትዮጵያ ቢሮ ከማሽን ጋር የቆየ ታሪክ አለው፤ ምርጫውም ከዚያ ቢጀመር ይሻላል።

የመጀመሪያው ፈተና ፊደሉ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ የፈረንጁን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ለማመቻቸት ሲነሡ ያጋጠማቸው ችግር ግልጽ ነው። መኪናው መቶ የማይሞላ ምልክት ነው የሚይዘው፤ ፊደሉ ደግሞ ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ነው። መፍትሔያቸው ፊደሉን በቁርጥራጭ መገጣጠም ነበር፤ ዋናውን ቅርጽ መምታት፣ ቅጥያውን ማስከተል። የወጣው ጽሑፍ እንደ ብራና ጽሑፍ አላማረም። ግን ቢሮ ሠራበት። በኋላም የኦሊቬቲ የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ፤ ታይፒስትነትም ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ጥያቄ ተመለሰ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በየራሱ መንገድ በላቲን ኮድ ላይ ጫነው። አማርኛ ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቢሮዎች በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ መጻፋቸውን ለብዙ ዓመታት ቀጠሉ። ይህ ተራ የፎንት ወሬ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የደንበኞች ዝርዝር ለሰው ዓይን ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ለሮቦቱ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። "ከበደ" የሚለውን ፈልግ ቢባል አያገኘውም። በዓለም ላይ እጅግ ውዱን መሣሪያ የገዛ ድርጅትም የድሮ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ካልቀየረ ያው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ወረዳ ውስጥ የሆነ ነው። ብዙ ሰው አያነሣውም እንጂ ለዛሬው ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ሀብሩን ጨምሮ በአማራ ክልል ያሉ ወረዳዎች በጀታቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተወሰነ። ትናንት የዞንን ትእዛዝ ይጠብቅ የነበረ ጽሕፈት ቤት በአንድ ጊዜ የደመወዙ፣ የግዢውና የሒሳብ ሪፖርቱ ባለቤት ሆነ። ለየመሥሪያ ቤቱ የሚበቃ የሒሳብ ባለሙያ ስላልነበረ ጥቂቶቹን አንድ ላይ አድርገው ለብዙ ሴክተር እንዲሠሩ አደረጓቸው። ሠራተኛው እስከ ዛሬ "ፑል" እያለ የሚጠራው ያ ነው። በዚያው ዘመን የመንግሥት ሒሳብ ከነጠላ ምዝገባ ወደ ሁለትዮሽ ምዝገባ ተሸጋገረ። ማሻሻያውን ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ይሠራ የነበረው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲሆን፣ መሪው ስቲፈን ፒተርሰን ይባላሉ። ሥራው አይቤክስ የተባለውን የበጀትና የወጪ ሶፍትዌር ወልዷል።

ፒተርሰን በኋላ በጻፏቸው ጽሑፎች የሚሟገቱለት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ነባሩን አሠራር መጀመሪያ እወቀው፣ ቀጥሎ አሻሽለው፣ ከዚያ እንዲዘልቅ አድርገው። ከባዶ ተነሥቶ ሁሉንም በአዲስ መተካትን ይቃወማሉ። በተግባርም ቅጹና አሠራሩ ተስተካከለ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ሠለጠነ፣ ሶፍትዌሩም ሠራተኛው አስቀድሞ በእጁ የሚያውቀውን ሥራ ተከትሎ ተሠራ። ኮምፒውተር ያልደረሰው ወረዳ ሒሳቡን በወረቀት ይሠራ ነበር፤ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ሥራው ግን አልቆመም፤ ወረቀቱ ራሱ የተስተካከለ ነበርና።

በተቃራኒው በኩል ኢፍሚስ አለ። በኦራክል ላይ የተመሠረተ፣ ብዙ የሚሠራና ብዙ የሚጠይቅ ትልቅ ሥርዓት ነው፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መተግበር የጀመረው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ ነው። ኢፍሚስ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ትልቁ ከመጣ በኋላም ትንሹ አይቤክስ በክልልና በወረዳ ለዓመታት አብሮት መቆየቱ አንድ ነገር ይናገራል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ያለ የፑል ሠራተኛ የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈትለትን ነው።

ሮቦቶቹ የት እንደተወለዱ ማወቅም ለምርጫ ይጠቅማል። ብሉ ፕሪዝም በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሠረተ። ኦቶሜሽን ኤኒዌር በ2003 በካሊፎርኒያ ተከተለ፤ ዩአይፓዝ በ2005 ቡካሬስት ውስጥ በሌላ ስም ተጀመረ። ሦስቱም የበለጸጉት ከባንኮች፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ከትልልቅ ድርጅቶች ገንዘብ ነው። እነዚያ ድርጅቶች እርስ በርስ የማይነጋገሩ አሮጌ ፕሮግራሞች ነበሯቸው፤ ፕሮግራሞቹን ከመቀየር ይልቅ በላያቸው ላይ የሚጫን የውሸት ሠራተኛ ገዙ። እዚህ ላይ የወልድያው ሒሳብ ሠራተኛ ፈገግ ሊል ይችላል። ፒችትሪ በሚሸጥበት አገር ስሙን ከቀየረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እዚህ ግን የድሮው እትም በፍላሽ እየተገለበጠ ዛሬም ይሠራል። ሮቦት የተፈጠረው ለእንደዚህ ዓይነቱ አሮጌ ፕሮግራም ነው።

በግንቦት 2012 ማይክሮሶፍት ሶፍቶሞቲቭ የተባለውን የግሪክ ኩባንያ ገዛ። በየካቲት 2013 ደግሞ ከዚያ የወጣውን ፓወር አውቶሜት ዴስክቶፕን ዊንዶውስ 10 ላለው ሁሉ በነፃ ሰጠ። ትናንት ለባንክ ብቻ የነበረ መሣሪያ መርሳ ላለ የእህል ነጋዴም ደረሰ ማለት ነው። በወረቀት ላይ።

ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2013፣ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። እስከ ታኅሣሥ 2014 በቆየው በዚያ ጊዜ መብራት፣ ስልክና ባንክ አልነበረም። መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ተዘረፉ፤ ኮምፒውተሩ ሲወሰድ በውስጡ ያለው መዝገብም አብሮ ሄደ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣውን ግጭት ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ስለዚህ ሰሜን ወሎ ውስጥ "ኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ የጨለምተኛ ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

በዚህ መስፈርት ሲታይ ዝርዝሩ ይገለበጣል። የማይክሮሶፍቱ ነፃ መሣሪያ በአካውንት ገብተው የሚጠቀሙበት ነው፤ በግል አካውንት የተሠራው የሥራ ቅደም ተከተል የሚቀመጠውም ዋንድራይቭ ላይ፣ ማለትም ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኔት በጠፋ ቀን የገዛ ሥራን ለማግኘት ችግር አለ። በተወሰነ ሰዓት ብቻውን ተነሥቶ እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ ክፍያ ይጠይቃል። የዩአይፓዝ ነፃ እትምም ምዝገባና ኔት ይፈልጋል። የሚከፈልባቸው ሁሉ ዋጋቸው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ዋጋው በእጥፍ የጨመረውን ዶላር አንድ የወልድያ ሆቴል በየወሩ ለሶፍትዌር ኪራይ ከየት ያመጣዋል?

በሌላው ጫፍ ማንም የማያወድሰው የኤክሴል ማክሮ አለ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእነ መጻፊያ ቋንቋው ኤክሴል ውስጥ ተቀምጧል። "መዝግብ" ተብሎ ይከፈታል፣ ሥራው በእጅ ይሠራል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ራሱ ይደግመዋል። ኔት አይፈልግም፣ በፍላሽ ይያዛል፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ያገኘዋል። ከኤክሴል ውጭ ለመውጣት ሲቸገር፣ የሲንጋፖሩ ታግዩአይ ዓይነት ነፃና ክፍት መሣሪያ አለ፤ ትእዛዙ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ በራስ ኮምፒውተር ይቀመጣል። እንደ ትልልቆቹ አያምርም፤ ጥቂት መማርንም ይጠይቃል። ለአብዛኛው የወልድያና የመርሳ የዕለት ሥራ ግን በማክሮ ጀምሮ፣ ሲጠብ ብቻ ወደ ሌላው መሄድ ከሁሉም የሚያዋጣው መንገድ ነው።

መሣሪያው ማንም ይሁን ማን፣ የሚሰናከልባቸው የአገር ቤት ነገሮች አሉ። አንዱ ቀን ነው። የቀን ቅደም ተከተሉ በአሜሪካ የሆነ ኤክሴል ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን "5/13/2016" ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ሜይ 13 ብሎ ጽፏል። ጥቅምት 30ን "30/2/2017" ቢለው ደግሞ ኤክሴል እንዲህ ያለ የፈረንጅ ቀን ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ሰው ያየዋል፣ ያርመዋል። ሮቦቱ አያየውም፤ በአንድ ደቂቃ መቶ ረድፍ አበላሽቶ "ጨርሻለሁ" ይላል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ።

ሌላው ስም ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽን ሦስት ደንበኛ። የዱቤ መዝገብ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የከፈለው ኃይሉ ያልከፈለ ሐይሉ ሆኖ ይገኛል። ደንበኛን በስም ሳይሆን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም በስልክ ቁጥር መለየት ያስፈልጋል። የመንግሥት ንብረት ክፍል ይህን ቀድሞ ገብቶታል፤ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ተራ ቁጥር ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የይለፍ ቃል ጉዳይም አለ። አንድ የሒሳብ ባለሙያ የብዙ ነጋዴዎችን የግብር አካውንት ይይዛል። ሮቦቱ ገብቶ እንዲሠራ የይለፍ ቃሎቹ ውስጡ ከተጻፉ፣ ያን ፋይል ያገኘ ሁሉንም አገኘ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ የመተማመን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂነት አለበት። ስለዚህ መግቢያውን ሰው ይጻፍ፣ ቁጥሩን ሮቦቱ ይሙላ፣ "ላክ" የሚለውን ሰው ይጫን።

ሮቦቱ ሰው ያባርራል ወይ? ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ሥራ ፈላጊ በሚያስመርቅባት ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነው። ታይፒስቷን ያስቀራት ኮምፒውተር የኮምፒውተር ጸሐፊዋን ወልዷል ተብሎ ሊጽናኑ የሚወዱ አሉ። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም፤ ታይፒስቷና የኮምፒውተር ጸሐፊዋ ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበሩም። የፑሉ ታሪክ የሚሻለው እዚህም ላይ ነው፤ ነባሩ የሒሳብ ሠራተኛ ነው ሠልጥኖ አዲሱን ሥራ የያዘው። ዛሬም ሮቦቱን የሚያዘው ያው ዜድ ሪፖርቱን የሚዘረጋው ሰው ከሆነ፣ ሲበላሽ የሚያውቀውም እሱ ነው። ከአዲስ አበባ በተጠራ ባለሙያ ተተክሎ ባለሙያው ከሄደ ግን፣ ግብር ሰብሳቢው የገጹን አንድ አዝራር ቦታ በቀየረ ማግስት ሁሉም ይቆማል።

ለመሞከር የሚነሣ ድርጅት በሰኔ ባይጀምር ይሻለዋል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ በዚያ ሰሞን ማንም ለሙከራ ጊዜ የለውም። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ አንድ ሥራ ብቻ፣ ለምሳሌ የዜድ ሪፖርቱን ወደ ፒችትሪ መገልበጥ፣ ለሁለት ወር በእጅም በሮቦትም ጎን ለጎን ይሠራ። በሁለቱ መካከል ልዩነት የታየበት ረድፍ በቀይ ይሰመር፤ ያቺ ቀይ ረድፍ በማን ስህተት እንደመጣች ደግሞ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።