ለሞተሩ ውሃ፣ ለሾፌሩ ላብ

አውቶሞቢል ከተፈጠረ ጀምሮ ሁለት የሚግሉ ነገሮችን ተሸክሞ ይሄዳል፤ አንዱ ሞተሩ ነው፤ ሌላው ሰውዬው። ለሞተሩ ገና ከጠዋቱ ራዲያተርና ማራገቢያ ተበጀለት። የሰውዬው ጉዳይ ግን በይደር ቆየ። ሰውዬው የሀብታም የቤት መኪና ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነ ይደሩ አጭር ነበር። አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ እንደሆነ ግን መዝገቡ እስከ ዛሬም አልተዘጋም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ፎርድ የመጀመሪያውን ፋብሪካ-ሠራሽ ፒክአፕ ለገበያ ያወጣው በ1925 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያቺ የቲ ሞዴል ፒክአፕ ጎኗ ክፍት ስለነበረ በነፋስ በኩል አትታማም፤ ችግሯ ዝናብና ብርድ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የተዘጋ ጋቢና ዝናቡን አስቀረና ሙቀቱን አስገባ። በብረትና በመስታወት የታጠረ ጠባብ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ሞተር፣ ከወለሉ ሥር ካምቢዮና የጭስ ማውጫ ቱቦ! ሰው ለማብሰል ታስቦ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ምድጃ ባልተሠራ ነበር።

በ1930ዎቹ ድርቅና ድህነት ያፈናቀላቸው የኦክላሆማና የአካባቢው ገበሬዎች ንብረታቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው ወደ ካሊፎርኒያ ሲሰደዱ፣ መንገዳቸው የሞሃቪን በረሃ የሚያቋርጠው 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ነበር። በረሃውን ብዙዎቹ በሌሊት ያልፉታል። በዚያ መንገድ የሚጓዝ ሰው ከመኪናው ፊት ውሃ የሞላ የሸራ ከረጢት ያንጠለጥላል። ሸራው ውሃውን ጥቂት በጥቂት ያወጣል፤ የወጣው በነፋሱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ይቀዘቅዛል። የእኛ አገር ሾፌር ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ የሸክላ እንስራም ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ያ ውሃ በቅድሚያ የማን ነበር? ራዲያተሩ ከፈላ የራዲያተሩ ነው። ሰውዬው የሚጠጣው ከዚያ የተረፈውን ነው።

ይህ የከረጢት ጥበብ በኋላ አድጎ ከመስኮት ላይ የሚታሰር የቆርቆሮ በርሜል የመሰለ መሣሪያ ሆነ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃማ ግዛቶች በብዙ መኪኖች ላይ ይታይ ነበር። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ በርሜሉ ውስጥ ይገባና በውሃ በራሰ ንጣፍ አልፎ ቀዝቅዞ ወደ ተሳፋሪው ይነፍሳል። ኤሌክትሪክ አይፈልግ፤ ጋዝ አይፈልግ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2400 ኪሎጁል ሙቀት ስለሚወስድ ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ሆኖም መኪናው ሲቆም እሱም ይቆማል፤ አየሩ እርጥበት ካለው ደግሞ ውሃው አይተንምና ወበቅ ላይ ወበቅ ይጨምራል። አፋር ሜዳ ላይ ቢያገለግል እንኳ አሰብ ወይም ጅቡቲ ሲደርሱ ፈትቶ መጣል ነው።

የሀብታሙ መንገድ ሌላ ነበር። ፓካርድ በ1939 ለቀጣዩ ዓመት ሞዴሎቹ በፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ አቀረበ፤ ዋጋው 274 ዶላር። ዕቃው የኋላውን ሻንጣ ማስቀመጫ ያጣብባል፤ ማጥፊያ ደግሞ የለውም። በረደኝ ያለ ሰው ሞተሩን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ መጭመቂያውን የሚያዞረውን ቀበቶ ማውለቅ ነበረበት። (ይህችን ቀበቶ አትርሱብኝ።) ለፒክአፕ በፋብሪካ የሚገጠም ማቀዝቀዣ ብቅ ብቅ ማለት የጀመረው ግን በ1960ዎቹ ነው። እስከዚያ የፒክአፕ ሾፌር ድርሻ ነፋስ ነበር።

በነፋሱ በኩል እንግሊዞቹ ብልሆች ነበሩ ብዬ አምናለሁ። በ1948 የተወለደው ላንድሮቨር እየተሻሻለ ሲሄድ ከፊት መስታወቱ ሥር በእጅ የሚከፈቱ ክዳኖች ተበጁለት። ለሞቃት አገሮች ደግሞ ከጣሪያው በላይ ሁለተኛ ጣሪያ ተጨመረ። የላይኛው ቆርቆሮ ፀሐዩን ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል ነፋስ ያልፋል፤ የታችኛው ጥላ ሥር ይውላል። ዛፍ ሥር እንደ መንዳት ነው። በፒስታ መንገድ ላይ ክዳኑን ስትከፍቱ ከነፋሱ ጋር አቧራውም እንደሚገባ ግን የቀመሰው ያውቀዋል።

እኛ ደገኞች ሙቀት ሲባል በጋን እናስባለን። ለቆላው ሾፌር ግን ክፉው ወቅት የእኛ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ደሴን በዝናብና በካፖርት የለቀቀ ሰው ሚሌ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ከዚያም ወደ ሰሜን የሚገኘው ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሌሊቱና ቀኑ፣ ክረምቱና በጋው ተደምሮ ማለት ነው።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ስሠራ በዚህ መስመር ባረጀ ፒክአፕ ተመላልሻለሁ። ፒክአፑ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ ነገር ግን ‘ነዳጅ ይበላል’ ተብሎ ቀበቶው እንዲወልቅ ታዟል። ከሚሌ ወደ ባቲ ዳገቱን ስንያያዝ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። ሾፌራችን በዚያ ቃጠሎ ላይ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው!

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አልኩ።

"አንተ ልጅ፣ ሞተሩ ከቆመ እዚሁ መቅረታችን ነው። እኛ ብንቀቀልም እንደርሳለን።"

አሠራሩ ትክክል ነው። የጋቢና ማሞቂያ ማለት ትንሽ ራዲያተር ናት፤ የሞተሩን ትኩስ ውሃ ተቀብላ ሙቀቱን በተሳፋሪው ላይ ትተፋለች። ሞተሩ ይድናል፤ ዋጋውን ሰውዬው ይከፍላል።

ቀበቶው ቢመለስስ? የአሮጌ መኪኖች ማቀዝቀዣ የሚሠራው አር-12 በተባለው ጋዝ ነበር። ሞሊናና ሮውላንድ በ1974 ይህ የጋዝ ዘር የኦዞንን ንጣፍ እንደሚያጠፋ አሳዩ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ባደጉት አገሮች ምርቱ በ1995 መጨረሻ፣ በታዳጊዎቹ በ2010 ቆመ። በተተኪው አር-134ኤ ለመሥራት ዘይቱንና ማያያዣዎቹን መለወጥ ይጠይቃል። እሱም ቢሆን ምድርን በማሞቅ በኩል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1000 እጥፍ በላይ የበረታ ነው።

ስለዚህ የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ሙቀቱን ከማስወጣት በፊት እንዳይገባ ቢከላከል ይሻለዋል። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 22 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምር፣ አብዛኛውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሆነ፣ መስኮት ገርበብ ማድረጉም ብዙ እንደማይረዳ አሳይቷል። ሲያቆሙ የፊት መስታወቱን በካርቶን መሸፈን፣ ጣሪያውን ነጭ መቀባት፣ ሽቦና ቱቦ ከሞተሩ ወደ ጋቢና የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች በላስቲክ መድፈን፣ የማሞቂያው ቧንቧ በደንብ መዘጋቱን ማየት የብዙ ብር ሥራ አይደለም።

ያ ሾፌር ከዚህ አልፎ ሄዷል። ከገበያ ሁለት ሰሌን ገዝቶ፣ ጣሪያው ላይ አራት ጣውላ አጋድሞ፣ በላዩ ሰሌኑን በገመድ ጠፍሮ አሰረ። ባለ ሁለት ጣሪያውን ላንድሮቨር አይቶ ይሁን ከራሱ አፍልቆ አልጠየቅኩትም። ጋቢናው ለውጥ ነበረው፤ ጣሪያውን በእጄ ነክቼ አረጋግጫለሁ። አዲስ አበባ እንደገባን የስምሪት ኃላፊው አየውና የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ ያበላሻል ብሎ በዚያው ቀን አስፈታው።