ኆኅተ ቱሳሔ፤ በመኪና ውስጥ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚደባለቁበት በር

በመኪና አሠራር መጻሕፍት «ብሌንድ ዶር» እየተባለ የሚጠራው ዕቃ፣ ከዳሽቦርዱ በስተኋላ በአየር ማስተላለፊያው ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር፣ በአንድ ዘንግ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚዞር የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ሲኾን፣ ተግባሩም የሞቀውን አየርና ሳይሞቅ የቀረውን አየር እንደ ነጂው ፈቃድ መጥኖ ማደባለቅ ነው። ይህን ዕቃ በጽሑፍ ቋንቋ «ኆኅተ ቱሳሔ»፣ በጋራዥ አነጋገር ደግሞ «መቀላቀያ በር» ብለን እንሰይመዋለን።

«ኆኅት» በር ማለት መኾኑን ቅዳሴና ውዳሴ የሰማ ኹሉ ያውቀዋል። «ቱሳሔ» ግን ቶስሐ፣ ማለት ቀላቀለ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ኾኖ፣ መምህራን ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስተምሩ ከተዋሕዶ የሚያርቁት ቃል ነው፤ ይኸውም ማርና ውሃ ተበጥብጠው ብርዝ በኾኑ ጊዜ ማሩም ማርነቱን፣ ውሃውም ውሃነቱን ለቆ መካከለኛ ጣዕም እንደሚገኝ፣ እንዲህ ያለውን መደባለቅ ያመለክታል። ለነገረ መለኮት የማይስማማው ይህ ቃል ለመኪና አየር እጅግ ይስማማዋል፤ ሙቁና ቀዝቃዛው አየር ከዚያ በር ካለፉ ወዲያ ተለይተው አይታወቁምና።

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው የሙቀቱን መዘውር ባዞረ ቁጥር ሙቀት የሚፈጥር ይመስለዋል። ነገር ግን በብዙዎቹ መኪናዎች ሞተሩ አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ሙቀቱ ዘወትር አለ፤ መዘውሩ የሚያዝዘው ምን ያህሉ አየር በሙቀቱ በኩል ይለፍ የሚለውን ብቻ ነው። ከፊት መስተዋቱ ግርጌ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት የገባው አየር፣ በቬንትሌተር ተገፍቶ፣ ኤር ኮንዲሽነርም ያለ እንደ ኾነ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ሾልኮ፣ ከኆኅተ ቱሳሔ ይደርሳል፤ በሩም ከፊሉን የሞተሩ ሙቅ ውሃ ወደሚመላለስበት ትንሽ ራዲያተር ይመራዋል፣ ከፊሉንም በጎን ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች በሮች ተቀብለው ወደ ፊት፣ ወደ እግር ወይም ወደ መስተዋት ያድሉታል። ከውጭ የገባን አየር አጥልሎ በሞተር ውሃ የማሞቁን ዘዴ በአሜሪካ የናሽ ኩባንያ በ1938 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ በ1964ቱ ካዲላክ ደግሞ ነጂው የሚፈልገውን የሙቀት ልክ ብቻ ሲያመለክት መሣሪያው በገዛ ራሱ ቅዝቃዜውንና ሙቀቱን እየመጠነ የሚያስማማበት ሥርዐት ተገኘ።

እንግዲህ መኪናው አላሞቅ ባለ ጊዜ፣ ጠንቃቃ ሰው የሙቀት መለኪያው ከወትሮ ቦታው እስኪደርስ ሞተሩን አስነሥቶ ከቆየ በኋላ፣ አጥፍቶ ኮፈኑን ይከፍትና፣ ከሞተሩ ተነሥተው ወደ ተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ የሚገቡትን ኹለት የጎማ ቱቦዎች እጁን እንዳያቃጥሉት ተጠንቅቆ ይዳስሳል። ኹለቱም ግለው ከውስጥ የሚነፍሰው አየር ግን ቀዝቃዛ ከኾነ፣ ውሃው ሥራውን ፈጽሟልና ጥፋቱ በአብዛኛው የበሩ ነው። አንደኛው ግሎ ኹለተኛው ቢቀዘቅዝ፣ ትንሹ ራዲያተር በዝገትና በአተላ ተደፍኗል፣ ወይም የውሃው መክፈቻ ያለው መኪና ከኾነ መክፈቻው ተዘግቶ ቀርቷል። ኹለቱም ለብ ብቻ ቢሉ፣ የራዲያተሩ ውሃ ጐድሏል፣ አለዚያም ሞተር እንዳይግል በሚል ምክር ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል፤ ቴርሞስታት የወጣለት ሞተር፣ ይልቁንም በብርድ ቀን፣ የሚገባውን ያህል ሞቆ አያውቅም።

በሩ ራሱ የሚታመምባቸው ምክንያቶች ጥቂቶች ናቸው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች መዘውሩን ከበሩ ጋር የሚያገናኘው የብረት ሽቦ ነውና፣ ሽቦው ሲበጠስ ወይም ከመያዣው ሲወልቅ መዘውሩ ያለ ምንም ተቃውሞ ይሽከረከራል፤ ጤነኛ በር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለስ በመጨረሻው ላይ ጧ የሚል ድምፅ ያሰማል። ደግሞም በበሩ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እየተፈረፈረ ጥቁር ብናኝ ኾኖ ከአየር መውጫው የሚበተንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በሩ ቢዘጋም አየሩ በስንጥቁ ስለሚያመልጥ፣ ሙቀትም ቅዝቃዜም ፍጹም ሊኾኑ አይችሉም።

በሩ የማይወቀስበት በሽታም አለ። ቬንትሌተሩ በዝቅተኞቹ ፍጥነቶች አልሠራ ብሎ በከፍተኛው ብቻ የሚነፍስ ከኾነ፣ የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው፤ ከፍተኛው ፍጥነት ኤሌክትሪኩን በሬዚስተሩ ሳያሳልፍ በቀጥታ ይወስዳልና። ነፋሱ በኹሉም ፍጥነት ቢደክም፣ በመስተዋቱ ግርጌ ያለውን ወንፊት የደፈነውን ቅጠል መጥረግ ይቀድማል። ምንጣፉ ረጥቦ ጣፋጭ ሽታ ቢሰማና በመስተዋቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ቢረጋ፣ ትንሹ ራዲያተር ማፍሰሱን ያስረዳል።

በክረምት ወራት የአዲስ አበባ ነጂዎችን የሚያውከው የመስተዋት ጉም ደግሞ የቱሳሔን ጥቅም ከኹሉ አብልጦ ይገልጠዋል። ከተሳፋሪዎች እስትንፋስና ከረጠበ ልብስ የተነሣው ተን በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ይረጋል፤ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዘዋውረው ማዘዣ ክፍት ከኾነማ ተኑ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ማዘዣው ወደ ውጭ አየር መመለስ አለበት። ኤር ኮንዲሽነር ያለው ሰው ማቀዝቀዣውንና ሙቀቱን ባንድነት ቢከፍት ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል እንጂ ጥበብ ነው፤ ማቀዝቀዣው የአየሩን ርጥበት ጨምቆ በመኪናው ሥር ያንጠባጥበዋል፣ ኆኅተ ቱሳሔም የደረቀውን አየር አሙቆ ወደ መስተዋቱ ይልከዋልና።

ለአሮጌው ቮልስ ዋገን ቢትል ግን ይህ ኹሉ አይሠራም። ሞተሩ በውሃ ሳይኾን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ኾነ፣ የውስጡ ሙቀት የሚመጣው በጢስ ማውጫው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር ነው፤ የጢስ ማውጫው ዝጎ በተሸነቆረ ጊዜ መርዘኛው ጢስ ከሙቀቱ ጋር ሊገባ ይችላልና፣ የጢስ ሽታ የሰማ ሰው ሙቀቱን ዘግቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ ሳይውል ሳያድር ማሳየት ይገባዋል።

በውሃ በሚቀዘቅዘው መኪና ግን ነገሩ ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። ወደ ኆኅተ ቱሳሔ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱን በሙሉ መፍታት ያስፈልጋል፤ አሮጌ ፕላስቲክም አንድ ጊዜ ከተፈታ ሳይሰነጠቅ ወደ ቦታው መመለሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ፊውዙ፣ ወንፊቱ፣ የራዲያተሩ ውሃና የሚታየው የሽቦው ጫፍ አስቀድመው ይመርመሩ፤ ዳሽቦርዱ ይፈታ የሚል መካኒክ ቢመጣም፣ ባለመኪናው አስቀድሞ «ቱቦዎቹን ዳስሰዋቸዋል ወይ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።