በሮማ የሲኒማ ከተማ የቀረው መልካችን

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ሰው ባዕድ አገርን ሲጐበኝ ሁለት ዐይነት ዐይን ያስፈልገዋል። አንደኛው የሚያይበት፣ ሁለተኛው የሚመረምርበት ነው። በማየቱ ብቻ ረክቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ወጪ አውጥቶ ጥቂት ይዞ ይገባል፤ የሚመረምር ግን የሌላውን አገር ታሪክ ሲያነብ የራሱንም በመካከሉ ያገኘዋል። ዛሬ የምንናገርለት ስፍራ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይህን ሁለተኛውን ዐይን የሚጠይቅ ነው፤ ይኸውም በኢጣልያ ዋና ከተማ በሮማ የሚገኘው «ቺኔቺታ» የተባለው ታላቅ የፊልም ማምረቻ ነው። ስሙ በኛ ቋንቋ «የሲኒማ ከተማ» እንደ ማለት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «በሞጆ ተቀምጦ ስለ ሮማ የፊልም ቤት መስማት ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ሲጓዙ፣ የተሳፈሩበት ባቡር ያለፈው በዚሁ በሞጆ ሐዲድ ላይ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከጦሩ ጋር ካሜራ የተሸከሙ ሰዎችም አብረው ገቡ። ጠመንጃ የያዘው ከአምስት ዓመት በኋላ ተሸንፎ ከአገር ወጣ፤ በካሜራው የተያዘው መልካችን ግን እስከ ዛሬ በሮማ ይገኛል። እንግዲህ የሮማው የሲኒማ ከተማ ታሪክ የኛም ታሪክ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከመነሻው እንጀምር። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በፓሪስ ከተማ በሉሚየር ወንድማማቾች አማካይነት ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ የታየው በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቈይቶ፣ የካቲት 23 ቀን በዚያው ዓመት፣ የአድዋ ድል ሆነ። አድዋን በካሜራ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ድሉን ለትውልድ ያቈዩልን በጨርቅ ላይ የሣሉት የገዛ ሠዓሊዎቻችን ናቸው። በሀገራችን የሥዕል ሥርዓት መልካሙ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለት ዐይኑ እየታየ ይሣላል፤ ጠላትና ከሐዲ ግን ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። በአድዋ ሥዕሎች ባለ ሁለት ዐይኖቹ እኛ ነበርን። ከአርባ ዓመት በኋላ ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ ግን የሥዕሉን ብርሽ ከእጃችን ነጠቀ፤ በእርሱም ሥዕል ላይ አንድ ዐይን የተሰጠን እኛ ሆንን።

የቺኔቺታ አመሠራረት ከዚሁ ጦርነት ጋር ጐን ለጐን የተጓዘ ነው። በሮማ «ቺኔስ» የተባለው አሮጌ የፊልም ቤት የተቃጠለው በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የፋሺስት ጦር መረብን የተሻገረው በዚያው ወር በ22ኛው ቀን ነው። የአዲሱ ከተማ የመሠረት ድንጋይ በጥር ወር ሲቀመጥ፣ በተምቤን ምድር ደም ይፈስ ነበር። ሥራው አልቆ ሙሶሊኒ ቺኔቺታን መርቆ የከፈተው ሚያዝያ 20 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያ የማይረሳ ጭፍጨፋ ከተጀመረ 68 ቀን መሆኑ ነበር። ሙሶሊኒ ሲኒማን ከመሣሪያ ሁሉ የበረታ መሣሪያ ብሎ ይጠራው ስለ ነበር፣ የፊልም ከተማ መሥራት በእርሱ ዘንድ የጦር ግምጃ ቤት እንደ መሥራት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ጉብኝቱ እንግባ። ስፍራው ከሮማ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቱስኮላና ጐዳና ላይ ይገኛል፤ የምድር ውስጥ ባቡርም እስከ በሩ ድረስ ያደርሳል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጐብኚ ክፍት የሆነ ኤግዚቢሽን ያለው ሲሆን፣ አስጐብኚም ይመደባል። በሩ ጂኖ ፔሬሱቲ የተባለው አርክቴክት ያቀደው፣ ጌጥ ያልበዛበት የዚያ ዘመን ሕንፃ ነው። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ በሣር ላይ የተቀመጠ፣ በከፊሉ በመሬት የተቀበረ የሚመስል ግዙፍ የሴት ራስ ታያላችሁ፤ ይህም ፌዴሪኮ ፌሊኒ «ካዛኖቫ» ለተባለው የ1976 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ያሠራው ነው። ቀጥሎ 5ኛው የፊልም አዳራሽ አለ። ፌሊኒ የሮማን ዝነኛ ጐዳና ቪያ ቬኔቶን በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደገና አሠርቶ ፊልም አንሥቶበታል፤ በ1993 እ.ኤ.አ. በሞተ ጊዜም አስከሬኑ ለስንብት የተቀመጠው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጐብኚን የሚያስደንቀው የጥንታዊት ሮማ አደባባይ ነው። አምዱና ቤተ መቅደሱ፣ የድል በሩም ሁሉ ከፊት ሲታይ የሺሕ ዓመት እምነ በረድ ይመስላል፤ ወደ ኋላው ዞር ስትሉ ግን በብረት ቱቦ የተደገፈ ስስ ሽፋን ሆኖ ታገኙታላችሁ። የፊልም ከተማ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ከፊት የሚታየውን ከኋላው ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። «ቤን ሐር» በ1959 እ.ኤ.አ. የታየበት የሠረገላ ውድድር የተነሣው በዚህ ስፍራ ስለ ሆነ፣ የጐብኚ ሁሉ ሐሳብ ወደዚያ ያዘነብላል። ኢትዮጵያዊ ጐብኚ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይገባዋል።

በዚያ ዘመን በቬኔስያ ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የፊልም ውድድር ለኢጣልያ ፊልም የሚሰጠው ከፍተኛው ሽልማት «የሙሶሊኒ ዋንጫ» ይባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዋንጫውን ያገኘው በሊቢያ በረሓ የሚዘምት ጦርን የሚያወድስ ፊልም ነው። በ1937 የጥንቱ የሮማ ጄኔራል ሺፒዮኔ አፍሪካ ተሻግሮ ካርታጎን ድል እንደ ነሣ የሚተርክ ፊልም ተሸለመ፤ አፍሪካ የሮማ የጥንት ርስት ናት ለማለት ነው። በ1938 ተራው ኢትዮጵያን የወረረውን አየር ኃይል የሚያሞግሰው «ሉቻኖ ሴራ» ሆነ። በ1939 ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት በኦሮሞ አገር ብዙ ዘመን ያስተማሩትን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ የጉልዬልሞ ማሳያን ታሪክ የሚያሳየው «አቡነ ማስያስ» ዋንጫውን ወሰደ። አራት ዓመት፣ አራት ዋንጫ፣ አራቱም ስለ አፍሪካ! ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም፤ የታሰበበት የመንግሥት ሥራ ነው።

በተለይ «ሉቻኖ ሴራ» ለሐዲድ ዳር ሰዎች የቀረበ ነው፤ በውስጡ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ባቡር ሲያጠቁ የሚያሳይ ትዕይንት አለበትና። አገሩን ለማስለቀቅ የሚዋጋው ሰው በዚያ ፊልም ሽፍታ ሆኖ ሲቀርብ፣ ከሰማይ ቦምብ የሚጥለው ደግሞ ጀግና ነው። የፊልሙ ሥራ የተከናወነው በሙሶሊኒ ልጅ በቪቶርዮ የበላይ ተቈጣጣሪነት ነበር። ይህ ሰው ራሱ በአውሮፕላን ሆኖ በሀገራችን ላይ ቦምብ የጣለ ሲሆን፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ሥራውን እንደ አስደሳች ጨዋታ አድርጎ ተርኮታል።

ከልብ ወለዱ ፊልም ይልቅ የበለጠ መመርመር የሚገባው ግን የዜና ፊልሙ ነው። «ሉቼ» የተባለው የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ተቋም በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሙ በጣልያንኛ «ብርሃን» ማለት ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ፎቶግራፍ አንሺዎቹንና ባለ ካሜራዎቹን ከጦሩ ጋር አዘመተ። መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ሐኪም በሽተኛ ሲያክም፣ መኳንንት እጅ ሲነሡ አነሡ። በዚያው ጦርነት ከአውሮፕላን የተጣለውንና ሰውና ከብት የፈጀውን የመርዝ ጢስ ግን ለሕዝብ አላሳዩም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ስለዚሁ መርዝ ለዓለም ሲያሰሙ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ንግግሩን ለማቋረጥ ያፏጩ ነበር። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስትር መርዝ መጣሉን በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቈይቶ መሆኑ ነው። «ብርሃን» የተባለው ተቋም ያበራው አንዱን ወገን ብቻ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ታሪክ ግን በአንድ ገጽ አይቆምም። በ1943 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ስትወድቅ ጀርመኖች የቺኔቺታን መሣሪያ ዘርፈው ወሰዱ፤ በማግስቱም ዓመት ስፍራው በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ። ከ1944 ጀምሮ የፊልም አዳራሾቹ ቤት ንብረታቸውን ላጡ ስደተኞች መጠለያ ሆኑ። ስለ ቅኝ ግዛት ክብር ፊልም በተነሣበት አዳራሽ፣ በጦርነቱ አገር ያጡ ቤተሰቦች በብርድ ልብስና በሣንቃ ከፋፍለው ኖሩ። ይህንንም ጐብኚው ሊያስታውሰው ይገባል፤ ጦርነትን በፊልም ያሳመረ ሕዝብ ራሱም ከጦርነቱ እሳት አላመለጠምና።

ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ሮማ የምትሄዱ የመንግሥት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ የምታውቁት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን ሕንፃ ነው። ያ ሕንፃ መጀመሪያ የታቀደው ለኢጣልያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር፤ በፊቱም በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልታችን ቆሞ ነበር። ሐውልቱ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተጭኖ ተመለሰ፤ በቦታው ቆሞ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ ነው። የሚያስገርመው፣ በዚያው ሳምንት የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለው ፊልም በቬኔስያ ውድድር የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማትን አገኘ። ትናንት እኛን አንድ ዐይና አድርጎ የሣለው ፊልም ዋንጫ በተቀበለበት ከተማ፣ ኢትዮጵያዊ በገዛ ካሜራው የገዛ ወገኑን በሁለት ዐይኑ አሳየ።

ድንጋዩ ተመለሰ፤ ፊልሙስ? የሉቼ መዝገብና ቺኔቺታ ዛሬ በአንድ ድርጅት ሥር ናቸው። መዝገቡ በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ብዙው ክፍልም በኢንተርኔት ለሁሉ ይታያል። እንግዲህ አልተደበቀም፤ የሚጐድለው የኛ ምርመራ ነው። በነዚያ ሥዕሎች ላይ የኢጣልያ ሹማምንት በስምና በማዕርግ ሲጠሩ፣ የኛ ሰዎች በአብዛኛው «የአገሬው ሰው» ተብለው ያልፋሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር ከኢጣልያ አይደለም፤ ከሞጆ፣ ከአዳማ፣ ከአክሱም፣ ከጐንደር ነው። ያን ዘመን በዐይናቸው ያዩት ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከነርሱ የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል።

የራሳችንንም ሥራ መጠበቅ ከዚህ አያንስም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባለ ታሪክ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. የተሠራ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» በ1968 ዓ.ም. ለዓለም ታይቶ ሲያበቃ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ታድሶ እንዲቈይ የተደረገው በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ የፊልም መዝገብ ቤት ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የቤትን ዕቃ ዘወትር ጐረቤት እንዲጠብቅ መተው አይገባም። ፊልም ሙቀትና እርጥበት የሚያጠፋው ነገር ነው፤ እንደ ብራና መጽሐፍ አምስት መቶ ዓመት አይታገሥም።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፤ በየመሥሪያ ቤታችሁ ግምጃ ቤት ውስጥ የቆየ የፊልም ጥቅልል ወይም ፎቶግራፍ ብታገኙ፣ «አሮጌ ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ከጀርባው ጽፋችሁ ለሚመለከተው አስረክቡ። የሉቼን ሥዕሎች ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ እዩ፤ የሚታወቀውን ሰውና ቦታ በስሙ መዝግቡ። ሮማ የመሄድ ዕድል የገጠመው ደግሞ የሲኒማውን ከተማ ይጐብኝ፤ በውበቱም ይደሰት፤ ነገር ግን የእምነ በረዱን አምድ ዞሮ ከኋላው ይመልከት፤ ስለ አራቱ ዋንጫዎችም አስጐብኚውን በትሕትና ይጠይቅ። ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቀ ጐብኚ ለባለ አገሩም ትምህርት ትቶ ይሄዳል።

በአድዋ ሥዕል ላይ ሁለት ዐይናችንን የሣሉልን አባቶቻችን ብርሹን ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው አንሥተው ያዙት እንጂ። የኛም ተራ እንደዚሁ ነው።