«ዝቅተኛ» የተባለው ነጭ ደም፦ የኬሞካይኖችና የዱፊ ታሪክ

የሰውነትን መከላከያ ሥርዓት በሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ከጣት የማይበልጥ ብልቃጥ ይገኛል፤ ታቹ ላይ በዐይን ለማየት የሚያዳግት ነጭ ዱቄት ተጣብቋል። ሪኮምቢናንት የአይጥ ኬሞካይን ነው። የአይጡ ዘረ መል ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያው የሚያመርተው ፕሮቲን ተጣርቶና ደርቆ በማይክሮግራም ይሸጣል። ኬሞካይን ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቁስል ወይም ወደ ተበከለ ቦታ የሚጠራ ምልክት ነው፤ ሕዋሱ ምልክቱ ወደሚበረታበት አቅጣጫ ይጓዛል።

የመስኩ ዕድሜ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሕዋስ የሚስበው ኢንተርሉኪን 8 ታወቀ። በ1988 ደግሞ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባክቴሪያ መርዝ ከተቀሰቀሱ የአይጥ ሕዋሳት ሚፕ-1 የተባለውን ፕሮቲን ለዩ። «ኬሞካይን» የሚለው የጋራ ስም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አይጥ ግን ኢንተርሉኪን 8 የሚባል ነገር የላትም፤ ተመራማሪዎች ኬሲ እና ሚፕ-2 በተባሉ ዘመዶቹ ይተካሉ። ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረግ ዝላይ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው በዚህ ዓይነት ልዩነት ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ተሸካሚ እንጂ ወደ ቁስል የሚዘምት አይደለምና ለኬሞካይን ጆሮ ይኖረዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በ1991 ግን ቀይ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 8ን እየያዙ ከደም ውስጥ እንደሚያስወግዱ ታየ። የያዘው ተቀባይ ምንድን ነው? መልሱ ከወባ ጥናት መጣ።

ዱፊ የተባለው የደም ዓይነት በ1950 ለንደን ውስጥ ደም ደጋግሞ በተሰጠው አንድ ሕመምተኛ ታውቆ በእርሱ ስም ተጠርቷል። በ1976 አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ዱፊ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች በቪቫክስ ወባ እንዳልተያዙ አሳዩ፤ ምዕራብ አፍሪካውያን በቪቫክስ እምብዛም የማይጠቁበት ምክንያት በዚህ ተገለጠ። በ1993 ሪቻርድ ሆሩክ፣ ሚለርና ሌሎች ሁለቱን ክሮች አገናኙ፦ የቀይ ሕዋሱ የኬሞካይን ተቀባይና ዱፊ አንድ ነገር ናቸው። ኬሞካይን በቤተ ሙከራ ሲጨመር የቪቫክስ ዘመድ የሆነው ኖውለሲ ወደ ሕዋሱ መግባት ተሳነው። ጥገኛ ተውሳኩ ለሌላ እንግዳ በተሠራ በር ይገባ ነበር ማለት ነው።

በ1995 በሩ በአንዳንዶች ለምን እንደጠፋ ታወቀ። በዘረ መሉ መቀስቀሻ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች፤ ለውጧ ተቀባዩን ከቀይ ሕዋስ ላይ ብቻ ታጠፋዋለች፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ግን ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል ሐኪም ቤት የገባ ነው። የኒውትሮፊል ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1500 በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ «ዝቅተኛ» ይባላል። ብዙ የአፍሪካ ተወላጆችና የየመን አይሁድ ግን ጤነኛ ሆነው ከዚህ በታች ይኖራሉ። በ2009 የወጣ የአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት መነሻው ያችው የዱፊ ፊደል መሆኗን አመለከተ። በ2017 በታተመ ጥናት ደግሞ ተቀባዩ በመቅኔ ውስጥ ካሉ የቀይ ደም ሕዋሳት ሲጎድል የአይጦቹ ኒውትሮፊሎች ባሕርያቸው ተለወጠ፤ ከደም ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በብዛት ይወጡ ጀመር። ሰራዊቱ አልሳሳም፤ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ አልቆመም እንጂ።

ቁጥሩ ግን ፍርድ ሆኖ ቆይቷል። ለካንሰር የሚሰጥ ኬሞቴራፒ ይዘገያል ወይም ይቀነሳል፤ የመድኃኒት ሙከራ 1500ን የመግቢያ ደፍ አድርጎ ሰውን ይመልሳል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ክሎዛፒን ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ዝቅተኛ ገደብ በአሜሪካ የተደነገገለት በ2015 ነው።

የዚያ ድንጋጌ ስያሜ «የዘር» የሚል ቃል ነበረበት፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ዱፊ ያላቸውና የሌላቸው ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ አገሪቱ ከአፍሪካ ቪቫክስ በሰፊው ከሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ የሆነችውም በከፊል በዚህ ነው። በማዳጋስካርም በኢትዮጵያም ዱፊ የሌላቸው ሰዎች በቪቫክስ መያዛቸው ስለተረጋገጠ፣ ጋሻው ራሱ ፍጹም አይደለም። እንግዲህ በስደት አገር ያለ ሐኪም ቅጽ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን አንብቦ የታካሚውን የኒውትሮፊል ልክ ሊገምት አይችልም። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የደም ሐኪሞች ስያሜው ከዘር ወደ ዱፊ እንዲዞር መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የዱፊ ምርመራ በደም ባንኮች ደም ለማዛመድ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ለተገኘ ሰው ግን ዛሬም ዘወትር አይታዘዝም።